ለትልቅ ኤስዩቪ ስንት ኢንች ሊፍት ይበቃል?

ትልቅ ኤስዩቪ ያለው ሰው መኪናውን ከፍ ማስደረግ ሲያስብ መጀመሪያ ሚጠይቀው "2 ኢንች ላድርግ፣ 3 ነው ወይስ 4?" ብሎ ነው። ኢንቹ ግን መጨረሻ ላይ ሚመጣ መልስ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ምን ያህል ጎማ ማስገባት ነው የፈለጋችሁት፣ መኪናው በአዘቦት ቀን ምን ያህል ክብደት ተሸክሞ ነው ሚውለው፣ እና እግሩ (ሞላው፣ ሾኩና ጎማውን ሚይዙት ብረቶች) ምን አይነት ነው። እነዚህ ከታወቁ ቁጥሩ ራሱ ይወጣል። ካልታወቁ ሰው ፎቶ አይቶ ያማረውን ከፍታ ይመርጥና ከዛ በኋላ ሲቪ ጆይንቱ (ወደ ጎማ ሃይል ሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ) ይንኳኳል፣ መሪው ቀጥ አልል ይላል፣ ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ተበልቶ ያልቃል፣ ጥፋቱ ደሞ ኪቱ ላይ ይደፈደፋል።

ሀሳቤን ቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከስር ላብራራ። የፊት እግሩ ኢንዲፔንደንት (ግራና ቀኙ ጎማ ለየብቻው ሚንቀሳቀስበት) ለሆነ ትልቅ ኤስዩቪ፣ ማለትም ዛሬ መንገድ ላይ ላለው አብዛኛው፣ 2 ኢንች ወይም 5 ሳንቲም ገደማ ላይ መቆም ነው ሚያዋጣው። ከዛ በላይ አይቻልም እያልኩ አይደለም፣ ይቻላል፣ ግን ከዛ ወዲያ እያንዳንዷ ግማሽ ኢንች ሌላ እቃ አስከትላ ነው ምትመጣው፣ እና እቃው ምን እንደሆነ አውቆ መግባትና ሳያውቁ መግባት በጣም ይለያያል።

ቆይ በመጀመሪያ ሊፍት ምኑን ነው ከፍ ሚያደርገው? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሸወደው። ግራና ቀኙን ጎማ አንድ ወጥ አክስል ሚያገናኘው መኪና አለ፣ ላንድክሩዘር 80ም ፓትሮል ዋይ61ም ከፊትም ከኋላም እንደዛ ናቸው። እነዚህ ላይ ዲፈረንሻሉ ያለው አክስሉ ውስጥ ነው፣ አክስሉ ደሞ ያረፈው ጎማው ላይ ነው፣ ስለዚህ 4 ኢንች ሚያነሳ ሞላ ብታስገቡ ሻንሲው ይነሳል፣ ቦዲው ይነሳል፣ ፓራውልቱ ይነሳል፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር አይጨምርም። እሱን ከፍ ሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመት በ2 ኢንች ቢጨምር ዲፈረንሻሉ 1 ኢንች ነው ሚነሳው። ኢንዲፔንደንት በሆነው ላይ ነገሩ ይለያል፣ ዲፈረንሻሉ ሻንሲው ላይ ስለታሰረ ከሻንሲው ጋር አብሮ ይነሳል፣ ዝቅ ብሎ ሚቀረው የታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር ሚያገናኘው ብረት) ጎማው ጋ ያለው ጫፉ ነው።

እዚህ ላይ ሚገርም ነገር አለ። ኢንዲፔንደንት መኪና ላይ 4 ወይም 6 ኢንች ሚያነሱት ትልልቅ ኪቶች ሚሰሩት ዲፈረንሻሉንና የአርሞቹን መያዣ ተጨማሪ ብረት ሰርተው ወደታች በማውረድ ነው፣ ሴሚያክሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ሃይል ሚወስደው ዘንግ) በጣም እንዳይዘቀዝቅ። ስለዚህ ሻንሲው በጣም ከፍ ይላል፣ ድንጋይ ሚነካው ከስር ያለው ብረት ግን ተመልሶ ወርዷል። እዛ ጋ ያገኛችሁት ከፍታ በአብዛኛው ከትልቁ ጎማ የመጣው ነው። 6 ኢንች ከፍ ያለ መኪና ከሩቅ ሲታይ ምንም ሚነካው አይመስልም፣ ከስሩ ተኝቶ ያየ ሰው ግን ሌላ ነው ሚያየው።

ታዲያ ሊፍት ጥቅሙ ምንድነው ካላችሁ፣ አንደኛ ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል፣ ሁለተኛ ዳገት ስትጀምሩ የፊት ፓራውልቱ፣ ስትወርዱ የኋላው፣ ጉብታ ስታቋርጡ ሆዱ እንዳይነካ ያደርጋል። ሆዱ ላይ የመኪናው ርዝመትም ወሳኝ ነው። የላንድክሩዘር 200 የፊትና የኋላ ጎማ 2.85 ሜትር ነው ሚራራቀው፣ ከ2021 ወዲህ ያለው ሼቭሮሌት ሰበርባን ግን 3.4 ሜትር ይደርሳል። ያው 5 ሳንቲም ለሁለቱም ብትጨምሩ ረጅሙ ላይ ጥቅሙ ያንሳል፣ ስለዚህ ረጅም መኪና ያለው ሰው ሆዴ እንዳይነካ ብሎ ኢንች ከሚያሳድድ ከስር ጠንካራ መከላከያ ብረት ቢያስገጥም ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ቦዲ ሊፍት ሚባለውን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። እሱ በቦዲውና በሻንሲው መሃል ቁራጭ ማስገባት ነው፣ እግሩን አይነካም፣ ሻንሲውንም አያነሳም፣ ለጎማ ቦታ ብቻ ነው ሚፈጥረው።

ጎማው ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከፍታው መመረጥ ያለበት ከጎማው ተነስቶ ነው። የጎማው ቁጥር ላይ 285/60አር18 ሚል ካለ (ላንድክሩዘር 200 ከፋብሪካ ከሚመጣባቸው ልኮች አንዱ ነው) 285 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፣ 60 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ ነው ማለት ነው፣ 18 የቸርኬው ኢንች። ስታሰሉት ጎኑ 171 ሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ 342፣ ቸርኬው 457፣ ድምሩ 799 ሚሊ ሜትር፣ ይሄ 31.5 ኢንች ገደማ ነው። ወደ 285/65አር18 ብትቀይሩ 828 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ 32.6 ኢንች። ልዩነቱ ወደ 29 ሚሊ ሜትር ነው፣ መኪናውን ሚያነሳው ግማሹ፣ አንድ ሳንቲም ተኩል ሳይሞላ። 33 ኢንች ገባ እየተባለ ሚወራው ብዙ ጊዜ ይሄ ወይም የ17 ቸርኬው 285/70 ነው፣ እሱም ሲሰላ 83 ሳንቲም ገደማ ነው ሚመጣው። ለዚህ አይነት ጎማ ብዙ ትልልቅ ኤስዩቪዎች ላይ 2 ኢንች ሊፍት በቂ ነው፣ አንዳንዱ ላይ እንደውም ያለ ሊፍት ይገባል፣ ሊፍቱ ሚያስፈልገው ለሌላ ነው። 35 ኢንች ግን ሌላ ጨዋታ ነው፣ 889 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ እዛ ጋ ፕላስቲክ መቁረጥ፣ ከፓራፋንጎ በስተኋላ ያለውን የቦዲ መያዣ መከርከም፣ ምናምን ይጀመራል።

ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር ልንገራችሁ፣ ጎማ ሚነካው መኪናው ቆሞ ሳለ አይደለም። አስፋልት ላይ ቆማችሁ መሪውን ዳር ድረስ ብታዞሩት ላይነካ ይችላል፣ ግን መሪ እንዳዞራችሁ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ሌላኛው ወደ ላይ ሲጫን ያኔ ነው ከውስጥ ፕላስቲኩን ሚፍቀው። ጎማው ወደላይ እስከየት እንደሚሄድ ሚወስነው ደሞ ባምፕ ስቶፕ ሚባለው የላስቲክ ማቆሚያ ነው። ሞላው መኪናውን 2 ኢንች አነሳው እንጂ ባምፕ ስቶፑ እዛው ቦታው ላይ ካለ ጎማው ሙሉ ለሙሉ ሲጫን ሚደርስበት ቦታ ከበፊቱ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሊፍት የጎማ መንካትን አሳነሰው እንጂ አላጠፋውም። በጣም ትልቅ ጎማ ካስገባችሁ ባምፕ ስቶፑ ራሱ ረዘም ማለት አለበት። የቸርኬው ኦፍሴትም እንደዛው፣ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ጎማው ሲዞር ሰፊ ክብ እንዲሰራ ስለሚያደርገው፣ በዋናው ቸርኬ ማይነካ ጎማ በወጣ ቸርኬ ሲነካ ይታያል፣ ሰው ግን ከፍታው አንሶ መስሎት ሌላ ኢንች ይጨምራል።

አሁን ወደ ፊት እግሩ እንምጣ፣ የ2 ኢንቹ ወሰን የመጣው ከዚህ ስለሆነ። ኢንዲፔንደንት እግር ላይ ጎማውን ከላይና ከታች አርም ይይዙታል፣ ሃይሉን ከዲፈረንሻል ሚያመጣለት ሴሚያክስ ደሞ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲቪ ጆይንት አለው። መኪናውን ስታነሱት ጎማው ወደታች ይቀራል፣ ሴሚያክሱ ከአግድም ወጥቶ ይዘቀዝቃል፣ ሲቪ ጆይንቱ በተጣመመ ቁጥር ይሞቃል፣ የላስቲክ መሸፈኛው ይታሻል ከዛ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ በቃ አለቀ። የላይኛው አርም ቦል ጆይንትም (አርሙን ከጎማው ጋር ሚያገናኘው ተሽከርካሪ መጋጠሚያ) እንደዛው ወደ ጫፉ ይጠጋል። ከፋብሪካ የመጣው እቃ ብዙ ጊዜ እስከ 2 ኢንች፣ ቢበዛ 2.5 ድረስ ይሸከማል፣ ከዛ በላይ ሲሆን ሌላ የላይኛ አርም፣ ዲፈረንሻሉን ትንሽ ዝቅ ሚያደርግ ቁራጭ ይፈለጋል፣ ከ4 ኢንች ጀምሮ ያ ከላይ ያወራነው ሁሉንም ወደታች ሚያወርደው ኪት ይመጣል።

እና ሰው ጨርሶ ማያስበው ግን መኪናው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሚሰማው ነገር አለ፣ ወደታች ሚቀረው እንቅስቃሴ። ጎማ ሚንቀሳቀሰው ወደላይ ብቻ አይደለም፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደታችም መውረድ አለበት። ለምሳሌ ያህል ጎማው ከቆመበት 10 ሳንቲም ወደላይ 10 ሳንቲም ወደታች ይሄዳል እንበል፣ ጠቅላላ 20። ሾኩን ሳትቀይሩ በሞላ ብቻ 5 ሳንቲም ብታነሱት 15 ወደላይ 5 ወደታች ይሆናል፣ ጠቅላላው ያው 20 ነው ምንም አልተጨመረም። ከዛ ትንሽ ጉድጓድ ባገኛችሁ ቁጥር ሾኩ ተዘርግቶ ያልቅና "ቋ" ይላል፣ መኪናው ደረቅ ይመስላል። ሰው ሞላው ጠንክሮብኝ ነው ይላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ሞላው ሳይሆን ሾኩ ርዝመት አልቆበት ነው። ላንድክሩዘር 100 ላይ ይሄ በደንብ ይታያል፣ አብዛኛዎቹ የፊታቸው ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ ሚሰራ ዘንግ) ስለሆነ ቡሎን በማጥበቅ ብቻ ከፍ ይላል፣ ምንም እቃ ሳይገዛ፣ ግን ባሩ በማጥበቁ አይጠነክርም፣ ጥንካሬው ያው ነው፣ ሚቀንሰው ወደታች መውረጃው ነው፣ ከመጠን በላይ ካጠበቁት ቆሞ ሳለ ራሱ ከታች ስቶፑ ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው ሚቀረው። ስለዚህ ሊፍት ስትገዙ ለዛ ከፍታ የተሰራ ረዘም ያለ ሾክ አብሮ መግዛት ግድ ነው፣ ሞላ ብቻ ገዝቶ ሾኩ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ስፔሰርስ? ከሾኩ አናት ላይ ሚገባው ብረት ወይም ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይገጠማል፣ ለዛ ነው ሚወደደው። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የቁራጩ ውፍረትና ሚሰጠው ከፍታ አንድ አለመሆኑን ነው፣ ሾኩ ሚያርፈው የታችኛው አርም መሃል አካባቢ ስለሆነ 1 ኢንች ውፍረት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 2 ኢንች ሊጠጋ ይችላል። ባለ 2 ኢንች ቁራጭ ገዝቶ 2 ኢንች አገኛለሁ ያለ ሰው 4 ያህል ያገኛል፣ ሲቪ ጆይንቱም ዋጋውን ይከፍላል። ሁለተኛው ነገር ቁራጩ ሾኩን በሙሉ ወደታች ስለሚገፋው ጎማው ፋብሪካው ካሰበው በላይ ወደታች ይንጠለጠላል፣ ቦል ጆይንትና ሲቪ ጆይንቱ ማይገባቸው ማእዘን ላይ ይደርሳሉ፣ ወደላይ ሲጫን ደሞ ባምፕ ስቶፑ ሳይደርስ ሾኩ ውስጡ ሊመታ ይችላል። ትንሽ ስፔሰር፣ የፊቱን ከኋላው ለማስተካከል ያህል 1 ኢንች ምናምን ሚሰጥ፣ አስፋልት ለሚበዛው መኪና ችግር የለውም። ከዛ በላይ ለሻካራ መንገድ ግን አልመክርም።

አንድ ወጥ አክስል ያላቸው ላይ ሲቪው ብዙ አያሳስብም፣ እነሱ 3 እና 4 ኢንች ተሸክመው ሚኖሩ መኪኖች ናቸው፣ የነሱ ጣጣ ካስተር (ጎማው መሪ ሲዞር ሚዞርበት መስመር ወደኋላ ያለው ዝንባሌ) ነው። አክስሉን ከፊት ሚይዙት ረጃጅም አርሞች መኪናው ሲነሳ ይዘቀዝቃሉ፣ አክስሉ ወደፊት ይገለበጣል፣ መሪው ካዞራችሁት በኋላ ራሱ ወደ ቀጥታ መመለሱን ይተዋል፣ በፍጥነት ላይ ደሞ መንገድ ይዞ አይሄድም፣ ሁሌ ማረም ነው። ለዛ ካስተር ማስተካከያ ጎሚኒ ወይም ብረት ይገባል። ሌላው ፓናርድ ባር ሚባለው ነው፣ አንድ ጫፉ ሻንሲው ላይ ሌላው ጫፉ አክስሉ ላይ ስለታሰረ መኪናው ሲነሳ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ ከኋላ ሆናችሁ ብታዩት አንዱ ጎማ ከፓራፋንጎው ወጣ ሌላው ገባ ብሎ ይታያል። ርዝመቱ ሚስተካከል ባር ያስተካክለዋል። የካርዳኑን ክሮቸራም አትርሱት፣ ማእዘኑ ከበዛ ንዝረት ይጀምራል።

የኋላውን ሳታጣሩ ኪት አትግዙ። ላንድክሩዘር 200 ከኋላ አንድ ወጥ አክስል ከነ ጥቅል ሞላው ነው፣ ፓትሮል ዋይ62 አራቱም ኢንዲፔንደንት ነው፣ ፎርድ ኤክስፔዲሽን ከ2003 ሞዴል ጀምሮ ከኋላ ኢንዲፔንደንት ሆኗል፣ ሼቭሮሌት ታሆ ደሞ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ። ሴኮያ በተቃራኒው፣ የ2008ቱ ትውልድ ከኋላ ኢንዲፔንደንት ነበር፣ 2023 ላይ ወደ አንድ ወጥ አክስል ተመለሰ። ስማቸው አንድ የሆኑ መኪኖች እግራቸው ጨርሶ ሊለያይ ይችላል፣ እና ጓደኛችሁ ታሆው ላይ የገጠመው ኪት እናንተ ታሆ ላይ ይሰራል ማለት አይደለም። ከኋላም ኢንዲፔንደንት ከሆነ ያ የሲቪ ጆይንት ወሰን አራቱም እግር ላይ መጣ ማለት ነው።

ክብደት። እውነቱን ለመናገር ከጎማው ቀጥሎ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ነው። "ባለ 2 ኢንች ሞላ" ተብሎ ሚሸጠው 2 ኢንች ሚሰጠው ለታሰበለት ክብደት ነው። የብረት ፓራውልትና ዊንች ያስገጠመ ሰው ፊቱ ላይ ወደ 100 ኪሎ ጨምሯል፣ ለባዶ መኪና የተሰራ ሞላ ቢገዛ ግማሹን ከፍታ እዛው ይበላዋል። በተቃራኒው ባዶውን ሚነዳ ሰው ለጭነት የተሰራ ጠንካራ ሞላ ካስገባ 2 ያለው 3 እና ከዛ በላይ ሊነሳ ይችላል፣ መኪናው ደሞ እንደ ጋሪ ይንጣል። ኋላ ላይም ያው ነው፣ ተጨማሪ ታንከር ካለ 100 ሊትር ናፍጣ ብቻውን ከ80 ኪሎ በላይ ነው፣ ሶስተኛ ወንበር ላይ ሰው፣ ጣራ ላይ ፖርቶመጋላ፣ ከኋላ ተጎታች። አንዳንድ ጊዜ ብቻ ሚጭን ሰው ለዘወትሩ ክብደት ሚሆነውን ሞላ ይምረጥና ሲጭን ሚያግዘው የአየር ከረጢት ሞላው ውስጥ ያስገባ። ሁልጊዜ ጭኖ ሚውል ደሞ በጭነቱ ልክ ጠንካራውን ይግዛ። ግምት አይሰራም፣ መኪናውን እንደወትሮው ጭናችሁ ሚዛን ላይ አውጡት፣ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ።

ከዛ ቁመቱን ለኩ። መለኪያው ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ አይደለም፣ ምክንያቱም የጎማው ንፋስና መበላት ቁጥሩን ያዛባዋል። ሜትሩን የቸርኬው መሃል ላይ አድርጉና ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፣ አራቱንም ጎማ፣ ሜዳ ቦታ ላይ፣ መኪናውን ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ነድታችሁ እግሩ ከተቀመጠ በኋላ። ቁጥሮቹን ስታዩ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይገለጥላችኋል፣ የድሮው ሞላ ደክሞ ከፋብሪካው ከፍታ 2 እና 3 ሳንቲም ወርዷል፣ ወይም ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። ያረጀ ሞላ ላይ ተነስታችሁ 2 ኢንች ስትቆጥሩና ከፋብሪካው ቁመት ስትቆጥሩ መልሱ ይለያያል። የሲቪ ጆይንቱ ወሰን ሚቆጠረው ከፋብሪካው ቁመት ነው። ስለዚህ ደክሞ የወረደ መኪና ያለው ሰው አዲስ ባለ 2 ኢንች ሞላ ሲያስገባ አይኑ ሚያየው ለውጥ 3 ኢንች ሊሆን ይችላል፣ ያ ጥሩ ነው፣ ተጨማሪ አያስፈልገውም።

ከፍታ ምን ያስከፍላል? አንደኛው መገልበጥ ነው፣ እሱን ቀለል አድርጌ ማየት አልችልም። የመኪና ያለመገልበጥ አቅም በቀላሉ ሚሰላው በግራና ቀኝ ጎማ መሃል ያለውን ስፋት ለክብደት ማእከሉ ቁመት እጥፍ በማካፈል ነው፣ የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤም ለመገልበጥ ደረጃው ይሄን ስሌት ይጠቀማል። ስፋቱ 164 ሳንቲም የክብደት ማእከሉ 74 ላይ ያለ መኪና ብንወስድ 1.11 ይመጣል። ሊፍቱና ጎማው ተደምረው ማእከሉን 5 ሳንቲም ቢያነሱት 1.04 ይሆናል፣ 6 በመቶ ቀነሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል ግን በፍጥነት እየሄዳችሁ ከፊታችሁ ለገባ ነገር መሪ ድንገት ስታዞሩ ያ 6 በመቶ ነው ሚፈለገው። ጣራ ላይ ጭነት ካለ ደሞ ይብሳል። ቤተሰብ ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ይሄ ብቻውን 4 ኢንችን ለመተው በቂ ምክንያት ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት። 799 ሚሊ ሜትር የነበረው ጎማ 828 ሲሆን የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል እናንተ 103 እና 104 መሃል ናችሁ፣ ወደ 35 ኢንች ሲሄድ 111 ይደርሳል። በዛው ልክ ማርሹ የረዘመ ያህል ይሆናል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ፍሬኑ ከባድና ትልቅ ጎማ ለማቆም ይታገላል፣ ነዳጅ ይጨምራል። 33 አካባቢ ላይ ሞተሩ ይችለዋል፣ 35 ላይ የዲፈረንሻል ጥርስ መቀየር ሚያስቡ ብዙ ናቸው።

ኤሌክትሮኒክስ ያለው መኪና ደሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የፊት መብራቱ ከፍ ስለሚል ተቃራኒ ሚመጣውን ሹፌር አይን ያጠፋል፣ ወደታች መስተካከል አለበት፣ ይሄን ሳያስተካክሉ ማታ መንዳት በሰው ህይወት መጫወት ነው። ከፊት ካሜራና ራዳር ያላቸው፣ ራሱ ፍሬን ሚይዝ ወይም ከፊት ያለውን መኪና ተከትሎ ፍጥነት ሚቀንስ አይነት፣ ከሊፍት በኋላ ካሊብሬሽን፣ ማለትም እንደገና መስተካከል፣ ይፈልጋሉ። ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 ላይ እንዳለው በሃይድሮሊክ ከፍና ዝቅ ሚል እግር ላይ፣ ወይም አየር ላይ በሚቆሙት ላይ፣ ተራ የሞላ ኪት ዝም ብሎ አይገባም። እነሱ ላይ ሰው የሴንሰሩን ዘንግ ቀይሮ መኪናው ዝቅ ያለ እንዲመስለው ያደርጋል፣ መኪናው ከፍ ይላል፣ ግን ያው ያልነው ወደታች መውረጃ ያልቃል። ኬዲኤስኤስ ያለው ላንድክሩዘር 200 ደሞ ስታብላይዘሩ በሃይድሮሊክ ስለሚሰራ ስራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው መነካት ያለበት፣ ቫልቮቹ ሳይከፈቱ ከተሰራ መኪናው አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ሊቀር ይችላል።

እና ስንት ላድርግ ለሚለው፣ ኑሮው ከተማና አስፋልት ሆኖ አልፎ አልፎ ኮረኮንች ለሚነካ ሰው የፊቱን ከኋላው ማስተካከል፣ 1 ኢንች ወይም 1.5፣ ከጥሩ ሾክ ጋር፣ ከዛ ጎማውን አንድ ደረጃ ማሳደግ፣ በቃ። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ሆኖ ጭነትም ለሚበዛው 2 ኢንች፣ በክብደቱ ልክ የተመረጠ ሞላ፣ ረዘም ያለ ሾክ፣ እና 33 አካባቢ ጎማ። የላይኛው አርም በ2 ኢንች ላይ ግዴታ አይደለም፣ ግን አላይመንት ላይ ካስተሩ ልኩ ውስጥ አልገባ ካለ መቀየሩ አይቀርም። 3 ኢንች ኢንዲፔንደንት እግር ላይ አሻሚ ቦታ ነው፣ ለ35 አይበቃም፣ ለ33 ይበዛል፣ እቃ መብላቱን ግን ይጀምራል። እንደ 80 እና ዋይ61 አይነት አንድ ወጥ አክስል ላይ ግን 3 ጥሩ ቁጥር ነው፣ ካስተሩ ከተስተካከለ። 4 እና 6 ለ35 እና ከዛ በላይ ጎማ ብሎ ለቆረጠ ሰው ነው፣ አርሙን፣ ዲፈረንሻል ጥርሱን፣ ፍሬኑን አብሮ ባጀቱ ውስጥ ላስገባ። ከመግዛታችሁ በፊት ደሞ ያላችሁበት አገር ህግ ምን ያህል እንደሚፈቅድ ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ወሰን አለው፣ ሊፍቱን ብቻ ሳይሆን ጎማውን ደምረው ሚቆጥሩም አሉ። ኢንሹራንሱም እንዲያውቀው አድርጉ።

ሲገጠም ብትችሉ አጠገቡ ቁሙ። የአርሞቹ ጎሚኒ ያለበት ቡሎን መጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው ከክሪክ ወርዶ ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው እዛ ቦታ ላይ ይነከሳል፣ መኪናው ሲወርድ ተጠምዞ ይቀራል፣ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ይቀደዳል፣ የከፍታውንም ልክ ያዛባል። ብዙ ጋራዥ ጊዜ ለመቆጠብ ይሄን ይዘለዋል፣ እናንተ ግን ጠይቁ። ከዛ ጎማው ሙሉ ለሙሉ ተንጠልጥሎ መሪው ወደ ሁለቱም ዳር ሲዞር የፍሬን ጎማ ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው አለመወጠሩን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ፣ ከተወጠረ ረዘም ያለ ይገባል ወይ መያዣው ይቀየራል። አላይመንት በዛው ቀን ይሰራ፣ የመሪ ማእዘን ሴንሰሩም ዜሮ ይደረግ። አዲስ ሞላ ትንሽ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹን በሙሉ በቶርክ ቁልፍ አስፈትሹ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው እንደገና ለኩና ቁመቱ ከተለወጠ አላይመንቱን ድገሙት።